ስለ እግር መንገድ

በእግሩ የሚሄድ ሰው ሁሉ መሳፈሪያ ያጣ ድኻ ነው የሚል አሳብ በወጣቶቻችን ዘንድ እየተስፋፋ ሄዷል። እርግጥ ነው፤ በሽተኛን ሐኪም ቤት ለማድረስ፥ እህልንም ገበያ ለማውጣት መኪናን የመሰለ ነገር የለም። የእናቴ ጀርባ በሸክም ሲጎብጥ እያየሁ ያደግሁ ሰው በመሆኔ መኪናን የምነቅፍበት አፍ የለኝም። ነገር ግን ከአንድ ስፍራ መድረስና በመካከል ያለውን አገር ማወቅ የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ከኮላ ድባ በባጃጅ ተሳፍሮ ጯሂት የወረደውን ልጅ በመንገድህ ምን አየህ ቢሉት፥ አቧራ ከማለት በቀር የሚመልሰው የለውም።

ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ቃል ለሩቅ አገር ብቻ የተነገረ ይመስለናል፤ አስተማሪ ሆኜ በኖርሁባቸው ዓመታት ግን ይበልጡን የሚሠራው ለቅርቡ አገር መሆኑን ተረድቻለሁ። የፈተና ወረቀት ሳርም የአውሮፓን ወንዞች ስም አንድ ፊደል ሳያጎድል የሚጽፍ ልጅ አገኝ ነበር። ያንኑ ልጅ ጠርቼ ከቤታችሁ ጀርባ የሚያልፈው ጅረት ማን ይባላል ብዬ ስጠይቀው «ወንዙ ነዋ!» ይለኛል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፥ ፈቃደኛ የሆኑትን ልጆች ወላጆቻቸውን አስፈቅጄ፥ መንገዱም ሰላም መሆኑን አስቀድሜ ጠይቄ፥ ቅዳሜ ቅዳሜ በኮላ ድባ ዙሪያ በእግር መሄድ ጀመርን። ስለ ሰላም የተናገርሁት እንደ ዋዛ አይደለም። በእነዚህ ዓመታት መንገድ የተዘጋባቸው ብዙ ቅዳሜዎች አልፈዋል፤ በእነርሱም ቀን ቤታችን ተቀምጠናል።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልንገር። ኮላ ድባ ከጎንደር በደቡብ ምዕራብ በኩል 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ አዘዞን አልፎ ወደ ጣና በሚወርደው መንገድ ላይ የተቀመጠች የደምቢያ ወረዳ ከተማ ናት። ከእርሷ እስከ ጎርጎራ ወደብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ጯሂት በመካከል ስለምትገኝ በዚያ አድረን በሁለተኛው ቀን ጎርጎራ እንገባለን። ደምቢያ ሜዳ ነው። ቀድሞ የጎንደር ነገሥታት ጎተራ የነበረ፥ ዛሬም ጤፉ፥ ሽምብራው፥ ነጭ ሽንኩርቱና ጥቁር አዝሙዱ የሚታፈስበት ጥቁር አፈር ነው። በክረምት መገጭና ድርማ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ጭቃውም ጫማ ይነጥቃል። በበጋው መጨረሻ ደግሞ መሬቱ ስለሚሰነጠቅ ያላስተዋለ ሰው እግሩ በስንጥቁ ይገባል። ለእግረኛ የሚመቸው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት የተነሣ ሰው ፀሐይ ሳይበረታበት ከግማሽ በላይ ይጨርሳል።

ወደ መንገዱ ከመግባቴ በፊት ይህ የመሄድ አሳብ ከየት እንደ መጣብኝ ብናገር አይከፋም። በሚስዮን ትምህርት ቤት ስማር ጂኦግራፊ የሚያስተምሩን አንድ እንግሊዛዊ ነበሩ። በአገራቸው ሴልቦርን ስለምትባል ትንሽ መንደር ነገሩን። በዚያች መንደር ጊልበርት ኋይት የሚባል ቄስ ዕድሜውን ሙሉ በዙሪያዋ እየተመላለሰ፥ ወፎቹ በየትኛው ወር እንደሚመጡ፥ የምድር ትል ለአፈር ምን እንደሚጠቅም፥ የትኛው ዛፍ የት እንደ በቀለ እየጻፈ ኖረ። መጽሐፉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1789 ታተመ። እኛም ቄስ ሆኖ ስለ ትል ይጽፋል ብለን በጣም ሳቅን። ያ ቄስ ከወንድሙ ጋራ ሆኖ በ1753 በመንደሩ ጀርባ ባለው ቀጥ ያለ ዳገት ላይ ያወጣው ጠመዝማዛ የእግር መንገድ ግን ዛሬም ይሄዱበታል።

እንግሊዞች የእግር መንገዳቸውን በመልካም ፈቃድ ብቻ አላቆዩትም። በ1932 ከማንችስተር ከተማ የወጡ ወጣት ሠራተኞች ለባለ ርስቶች አደን ወደ ተከለለ ተራራ በኀይል ወጥተው ከመካከላቸው አምስቱ ታሰሩ። በ1949 የወጣው ሕግ ደግሞ እያንዳንዱ አውራጃ የእግር መንገዶቹን በካርታ እንዲመዘግብ አዘዘ። በ1990 የወጣው ሕግ፥ እርሻውን ለማረስ ሲል መንገዱን ያፈረሰ ገበሬ በ14 ቀን ውስጥ መልሶ እንዲያስተካክለው ያስገድዳል። እንግዲህ መንገድ ማረስ በእኛ አገር ብቻ ያለ ነገር አይደለም።

በልጅነቴ በእኛ ዘንድ መንገድ ማረስ ድንበር ከመግፋት ተለይቶ አይታይም ነበር። ድንበር የሚገፋ ሰው ርጉም እንደ ሆነ ከኦሪት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌዎችም በዚያው ዐይን ያዩት ነበር። ዛሬ ግን በየዓመቱ አንድ መንገድ ይጠፋል። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ ከልጆቹ ጋራ ስሄድ ከአርባ ዓመት በላይ የማውቀው ቀጭን መንገድ ጤፍ ውስጥ ገብቶ ጠፋብኝ። ባለ እርሻው በስም የማውቀው ሰው ነበርና «ወንድሜ፥ መንገዱ ወዴት ሄደ?» አልሁት።

«መምህር፥ ጤፍ ሆነ» ብሎ ሳቀ። ወዲያው ግን ሳቁን ትቶ «እርስዎ በየወሩ የሚመጣ ጡረታ አለዎት። እኔ አባቴ ለአምስት ካካፈለው መሬት የደረሰኝን ለሦስት ወንዶች ልጆች ላካፍል ነው። ታዲያ መንገዱን ያረስሁት ጠግቤ ይመስልዎታል?» አለኝ።

ለዚህ ምን መልስ ይገኛል? በእርሻው ዳር ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን ብዙ ተነጋገርን። በመጨረሻ በቦዩ ዳር አንድ ክንድ ተኩል ያህል ለእግረኛ ተወልን። መንገዱ አሁን ዞሮ ይሄዳል፤ ነጋዴዎች አህዮቻቸውን የሚያሳርፉበት ትልቁ ዋርካም ከመንገድ ውጭ ቀርቷል። ለሰውየው ግን ልጆቹ ከዋርካው ይበልጡበታል፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም።

ከኮላ ድባ ወጥተን ግማሽ ሰዓት ያህል ስንሄድ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን አጸድ እንደርሳለን። በአጸዱ በምሥራቅ በኩል መሬቱ ወጣ ገባ ያለ፥ ድንጋይ ግን ያልቆመበት ስፍራ አለ። በዚያ የተቀበሩት በወባው ዘመን የሞቱት ናቸው። በ1940ዎቹ አጋማሽ በደምቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ 7000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ተጽፏል። በዚያን ጊዜ ሕዝቡ በሽታውን ንዳድ ይለው ነበር፤ ከመጥፎ አየር የሚመጣ ይመስለው ነበር እንጂ ክረምቱ ሲወጣ በተጠራቀመው ውሃ ላይ የምትፈላው ትንኝ የምታመጣው መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነበር። በቆላው ዘወትር የሚኖር ሰው ወባውን ደጋግሞ እየታመመ ሰውነቱ ጥቂት ይለምደዋል፤ በደጋው ጫፍ ያለው ሕዝብ ግን ልማዱ ስላልነበረው በአንድ ጊዜ ወደቀ። የወደቀውም በአጨዳ ወራት ነው። እናቴ እንደምትነግረን አጫጅ ጠፍቶ ጤፉ በማሳው ላይ ረገፈ፤ ከወባው የተረፈውንም ረኃብ አገኘው።

እናቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ልጆች ቀበረች። እኔ ከእነርሱ በኋላ የተወለድሁ ነኝ። የመጀመሪያውን ልጅ መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ቀበረው። ሁለተኛዋ በሞተች ጊዜ ግን መንደሩ ሁሉ ተኝቶ ነበርና ሬሳዋን ይዘው የሄዱት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ጉድጓዱንም በጥልቀት ለመቆፈር ጉልበት አልነበራቸውም። እናቴ በሕይወት እስካለች ድረስ ወደ ገበያ ስትሄድም ስትመለስም በዚያ አጸድ በኩል ታልፍ ነበር። መንገዱ ይረዝማል፤ ነገር ግን በሌላ በኩል ስትሄድ አንድ ቀን እንኳ አላየኋትም። ስፍራውን ያሳየችኝ በጣቷ ሳይሆን በአገጭዋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አንሥታ አታውቅም።

ከዚያ መዓት የተገኘም ነገር አለ። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከእርሱ የበቀለ ነው። የኮላ ድባ ጤና ጣቢያም ተማሪዎቹ ከሚሠለጥኑባቸው ስፍራዎች አንዱ ሆነ። ጤና መኮንኖችና ነርሶች በዚሁ በምንሄድበት መንገድ በየቤቱ እየዞሩ መድኀኒት ሰጡ፤ በኋላም የዲ.ዲ.ቲ. ርጭት መጣ። እኔ በሕይወት የቆየሁት በእነዚያ እግረኞች ምክንያት እንደ ሆነ አምናለሁ።

ስለ ሳር ውሃ አጭር ነገር ልናገርና ልለፍ። በጥር ወር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከደርቡሾች ጋራ በሳር ውሃ ገጥመው በዚሁ በደምቢያ ሜዳ ድል ሆኑ፤ ደርቡሾችም ወደ ጎንደር ወጥተው ከተማውንና አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ተማሪ ቀኑን ሸምድዶ ያልፋል። ሜዳውን በእግሩ የሄደ ግን የሸሸ ሰው የሚሸሸግበት ስፍራ ምን ያህል ጥቂት እንደ ነበረ ሳይነግሩት ያውቃል። አንድ ልጅ በቀትር ፀሐይ ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ወዴት ይሮጡ ነበር?» አለኝ፤ ስለዚያ ጦርነት ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ሰምቼ አላውቅም።

ጎርጎራ ስንደርስ አስቀድመን ደብረ ሲና ማርያምን እንሳለማለን። በዐፄ ዐምደ ጽዮን ዘመን እንደ ተተከለች ይነገራል፤ በግድግዳዋ ያሉት ሥዕሎች ግን የተሣሉት ከዚያ ብዙ ቆይቶ በጎንደር ነገሥታት ዘመን ነው። ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ሲገቡ ድካሙ ከፊታቸው ሲጠፋ አያለሁ። ከዚያ ሐይቁን ተከትለን በስተ ምዕራብ ወደ ማርያም ግንብ እንሄዳለን። በቀኝ በኩል ሽምብራ፥ በግራ በኩል ደንገልና ውሃ ነው። በታንኳ የሚያጠምድ ሰው አልፎ አልፎ ይታያል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ጣናን የወረረው እምቦጭም እንዲሁ ይታያል፤ ውሃውን እንደ ሣር ምንጣፍ ሸፍኖት አንዳንዱ ልጅ የሚሄዱበት ሜዳ ይመስለዋል።

ማርያም ግንብ ፍርስራሽ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን መነኮሳት ጥበብ ያሠሩት ሕንጻ በዚያ ቆሞ ነበር፤ ዛሬ የቀረው የግድግዳው ቁራጭና ውብ ቅርጽ የተቀረጸበት ድንጋይ ነው፤ የዛፍ ሥርም በኖራው መካከል እየገባ ይፈለቅቀዋል። ከእነዚያ መነኮሳት መካከል ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው እስፓኛዊ አማርኛም ግዕዝም የተማረ፥ በእጁ የሚሠራ፥ በአንደበቱም የታረመ ሰው ነበር። በ1610 ዓ.ም. ከንጉሡ ጋራ ሄዶ የዓባይን ምንጭ አየ፤ በ1614 ዓ.ም. በዚህ በጎርጎራ ሞተ። በዚያው ዓመት ንጉሡ የሮማን ሃይማኖት መቀበላቸውን በግልጥ ተናገሩ። ከእርሱ በኋላ በ1617 ዓ.ም. የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የፓኤዝ ትዕግሥት አልነበረውም። ካህናት እንደ ገና ይካኑ፥ ሕዝቡም እንደ ገና ይጠመቅ አለ፤ አገሩም በደም ታጠበ። በ1624 ዓ.ም. በወይና ደጋ በተደረገው ውጊያ የንጉሡ ወታደሮች ከወገኖቻቸው እስከ 8000 የሚደርስ ገበሬ እንደ ገደሉ ይነገራል። ንጉሡም በዚያው ዓመት ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት እንዲመለስ አውጀው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ። በ1625 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ሲሞቱ በአዘዞ ገነተ ኢየሱስ ተቀበሩ። ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጥተው በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ።

የሚስዮን ትምህርት ቤት ልጅ ሆኜ ይህን ስናገር ፈገግ የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይበል። ፈረንጆች ፊደል ስላስተማሩኝ አመሰግናቸዋለሁ፤ ያስተማሩኝም ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ሃይማኖትህን ለውጥ ብለው አላስገደዱኝም። በማርያም ግንብ ፍርስራሽ ላይ ቆሜ ሳስበው ፓኤዝና ሜንዴዝ በአንድ ማኅበር ስም የመጡ ሰዎች ሆነው ሳለ፥ በሕዝቡ ላይ ያመጡት ነገር ምን ያህል እንደ ተራራቀ ይገርመኛል። ልጆቹ ከሁለቱ የማንን ስም በደብተራቸው እንደሚጽፉ አልመራቸውም።

ወደ ወደቡ ስንመለስ በኮረብታው ላይ ኢጣልያኖች ያቆሙት ሐውልት አለ። ደምቢያን የያዙት በ1928 ዓ.ም. ነበር፤ በጎንደር እጃቸውን የሰጡት ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ተኩል ለቆየ ገዥ ትልቅ ሐውልት ነው። ባለፈው ጉዟችን ልጆቹ ከሥሩ ተቀምጠው ዳቦ ሲበሉ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች አንዲት ልጅ ቀና ብላ ስታየው ቆየችና «መምህር፥ ለእነዚያ በወባ ለሞቱት ድንጋይ ያላቆመላቸው ማን ነው?» አለችኝ።

ነገሩን እንደሚመስለኝ ነገርኋት። በዚያ ዓመት የተረፈው ሰው ድንጋይ የሚያነሣበት ጉልበት አልነበረውም። በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራው ዘር መበደር ነበረበት። በሦስተኛው ዓመት ልጆች ተወለዱ፤ ከዚያም ወዲህ ማን የት እንደ ተቀበረ የሚያውቁት እናቶች በገበያ መንገድ ሲያልፉ አንገታቸውን ዘንበል እያደረጉ ኖሩ። ልጅቷም ዳቦዋን አስቀምጣ «ታዲያ አሁን ከሚያውቁት ስንት ቀርተዋል?» አለች። በዚያ ቅዳሜ ሳይሆን በሚቀጥለው፥ ጎርጎራ መሄዱን ትተን በአጸዱ ዙሪያ ባሉት ቤቶች እየዞርን ጠየቅን። አራት ሰዎች አገኘን። አንደኛዋ ባልቴት ዐይናቸው አያይም፤ ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በር ተነሥተው እርምጃ እየቆጠሩ ወሰዱንና የሰባት ሰዎችን መቃብር በእግራቸው አሳዩን።

ወደ ጀንዳ የሚወስደው መንገድ ሌላ ነው፤ የምሄደውም ከፍ ካሉት ልጆች ጋራ ብቻ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ማርቲን ፍላድ የሚባል ጀርመናዊ ሚስዮናዊና ባልንጀሮቹ በዚያ ተቀምጠው በቤተ እስራኤል መካከል ያስተምሩ ነበር። በልጅነቴ ማረሻ የሚያሾልልን ቀጥቃጭ፥ እንስራና ምጣድ የምትሸጥልን ሸክላ ሠሪ ከእነርሱ ነበሩ። ከምንቀምሰው ጋን ጀምሮ እስከምናርስበት ብረት ድረስ በእጃቸው እየኖርን ቡዳ እያልን እናማቸው ነበር። በ1977 ዓ.ም. እና ከዚያ ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙዎቹ ከጎንደር አገር ተነሥተው በሌሊት እየተጓዙ በእግራቸው ሱዳን ገቡ፤ በመንገድና በመጠለያው 4000 ያህሉ እንደ ሞቱ ይነገራል። የቀሩትም አብዛኞቹ በ1983 ዓ.ም. በአውሮፕላን ሄዱ። ከዚህ በላይ ስለሆነ የእግር ጉዞ እኔ አላውቅም፤ በደብተራችን ግን አንድ ገጽ ብቻ አለን፤ የሚነግረን ሰው እዚህ የለምና።

ደብተራችን አንድ ብቻ ነው፤ በየተራ ይያዛል። የሚጻፍበት የስፍራ ስም፥ ስሙን የነገረን ሰው፥ የነገረንም ቀን ነው። የሰሙትን ያሳምሩ ዘንድ አልፈቅድላቸውም። ከጯሂት ወዲህ በአንድ ጅረት ላይ ሰውና ከብት የሚሻገርበት መልካ አለ። የስሙን ምክንያት ስንጠይቅ አንድ ሽማግሌ የአንድ ንጉሥ ፈረስ በዚያ ሰምጦ ስለ ሞተ ነው አሉን፤ የየትኛው ንጉሥ እንደ ሆነ ግን አላስታወሱም። በማዶ የሚኖሩ ባልቴት ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «የምን ፈረስ! በወባው ጊዜ ከብት ሲያሻግር ወድቆ የቀረው እረኛ ነው እንጂ! አክስቴ ልጅ ነበር» አሉን። ልጆቹ በመንገድ ሙሉ ሲከራከሩ መጡ፤ ደብተራውን የያዘው ልጅ የማንን ልጻፍ ቢለኝ ሁለቱንም፥ የባልቴቷን አስቀድመህ አልሁት።